ባለጥላው «ዙ»

ቶፊቅ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ እሱን ብትጠይቁት ግን ይህ አነጋገር ያንስበታል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሲግናል በእጁ ያልተጻፈ የሱቅ ስም የለም ይላል። እንጦጦ ተራራ ላይ ስም ጻፍ ቢሉት የሚቸግረው መሰላሉ ብቻ ነው። የባነር ማተሚያ ቤቶች ሥራውን ካቀዘቀዙበት ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ ግን «የኔን እጅ የሚተካ ማሽን ገና አልተወለደም» እያለ ሁለት ብሩሾቹን ያጥባል። ይህን ሁሉ የሚያዳምጡት ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሠረቀብርሃን ናቸው። የሚያዳምጡትም ስፒል በጥርሳቸው ስለሚይዙ መልስ መስጠት ስለማይመቻቸው ነው።

ሰኔ ላይ ታዲያ አፉ ከእጁ ቀደመ። ከቤታቸው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ጥቂት ቦታ ቀርቶት ነበር። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ልጁ ዙሌካ እዚያ ካልገባች የሚቀራት ከመገናኛ ማዶ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ፣ ከነግፊያው። የተጠየቀው ልጅቷ ስሟን እንድትጽፍ ብቻ ነው። ሦስት ፊደል። ቶፊቅ መዝጋቢዋን «ሦስት ምን አላት? ከሀ እስከ ፐ ይሁንላት እንጂ» ብሏት ወጣ። ሰፈር ሲደርስ ልጁ ማለፏን ማውራት ጀመረ፤ ፈተናው ገና ሁለት ሳምንት ነበረው።

ሚስቱ ናዲያ፣ ትሪ ላይ ዱቄት ልበትንላትና በጣቷ ትለማመድ፣ እኔም ወራቤ ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ነው የተማርኩት ብላው ነበር። ቶፊቅ ሳቀ።

«የሐኪም ልጅ በዳማከሴ ስትታከም አይተሻል?» አላት።

ማስመሪያ፣ ጠመኔና ቀጭን ብሩሽ አውጥቶ እንደ ሙያው ያስተምራት ገባ። መጀመሪያ የፊደሉን ዙሪያ በቀጭኑ ማስመር፣ ቀጥሎ ሆዱን በቀለም መሙላት፣ በመጨረሻ በስተቀኙ ጥላ መጣል። ጥላ የሌለው ፊደል ከሩቅ አይታይም አላት። እሷ ሕፃን ናት፤ ፊደል ጥላ ካልደገፈው ይወድቃል ብላ ያዘችው። በሁለተኛው ሳምንት የጻፈችው «ዙ» ፋርማሲ በር ላይ ቢሰቀል የማያሳፍር ነበር። ቶፊቅ ፎቶ አንስቶ ለጋሽ ሠረቀብርሃን አሳያቸው። እሳቸው ስፒሉን ከጥርሳቸው አወጡና የቀሩት ሁለቱ ፊደላት የት እንዳሉ ጠየቁት። ቅናት ነው ብሎ አለፋቸው።

የፈተናው ቀን ስድስት ልጆች እርሳሳቸውን ይዘው ገቡ። ወላጆች ግቢው ውስጥ ጭቃውን እየሸሹ ቆሙ። ቶፊቅ መሀላቸው ሆኖ የእጅ ጽሑፍ በዘር እንደሚወረስ አስረዳ፤ አንድ ሰው ሲጠራጠር ደግሞ በዕድሜያቸው ሙሉ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁትን አያቱን እዚያው ቆሞ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አድርጎ ሾማቸው። አምስቱ ልጆች ወጡ። ዙሌካ አልወጣችም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ መምህርት አስረሳሽ በሩ ላይ ብቅ ብለው የዙሌካን አባት ሲጠሩ፣ ቶፊቅ ሊሸልሙት መስሎት ኮሌታውን አስተካከለ።

ልጁ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራለች። ገጹን የሞላው አንድ «ዙ» ነው። ሆዱ በእርሳስ ጠቁሯል፤ ጥላው ገና እየተጣለ ነው።

«ወረቀቱን ልቀበላት ስል አለቀሰች» አሉ መምህርቷ። «ሳልጨርሰው ይወድቃል አለችኝ። ማን ነው ያስተማራት?»

ቶፊቅ ኮሌታውን እንደገና ነካ ነካ አድርጎ «ቤት ውስጥ ነው» አለ፣ ቤቱ ያስተማራት ይመስል።

መምህርቷ ደግ ሰው ናቸው፤ ሐሙስ ይዘዋት ይምጡ አሉት። ያን ቀን ካልሆነላት ግን ቦታው ለተጠባባቂ ልጅ ይሰጣል።

ቤት እንደገቡ በአንድ እጅ ምት የሚጻፍ ተራ «ዙ» ሊያሳያት እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። እጁ እምቢ አለ። ሃያ ዓመት ዙሪያውን ሲዞር የኖረ እጅ ቀጥ ብሎ ወርዶ ማቆም ጠፋው። ሁለት ገጽ አበላሸ። ዙሌካ አንገቷን አስግጋ አየችና «አባዬ፣ ያንተም አላለቀም» አለችው።

ታላቁ ጸሐፊ ተነሥቶ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ናዲያ፣ ያ ትሪ የታለ?»

ናዲያ ዞራ እንኳ ሳታየው፣ «ምነው፣ የሐኪሙ ልጅ ታመመች?» አለች።

ትሪው እስከ ሐሙስ ከወለሉ አልተነሣም። ናዲያ የልጅቷን ጣት ይዛ ዱቄቱ ላይ ትጽፍና ትሪውን ነቅነቅ ስታደርገው ፊደሉ ይጠፋል። ዙሌካ መጀመሪያ ሲጠፋባት አኮረፈች። ቆይታ ማጥፋቱ ጣማት፤ ለማጥፋት ስትል ቶሎ ቶሎ ትጽፍ ጀመር። የቶፊቅ ድርሻ የፈሰሰ ዱቄት መጥረግ ነበር። ሁለት ጊዜ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ናዲያ በወንፊት እጁን መታችው።

ሐሙስ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ቶፊቅ በመስኮት ያያል። ዙሌካ እርሳሷን ጨብጣ ስሟን ጻፈች። «ዙ» ዘመመ፤ የ«ሌ» አንድ እግር አጠረ፤ «ካ» ከመስመሩ ወርዶ ቀረ። ቶፊቅ ሊያቃናው እጁን ሲበላው ሁለቱንም ብብቱ ሥር ሸጎጣቸው። መምህርት አስረሳሽ ወረቀቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ መዝገቡን ከፍተው ስሟን አሰፈሩ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጋሽ ሠረቀብርሃን ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ጠበቋቸው።

«ገባች?»

«ገባች።»

«እንግዲህ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ልትለን ነው» አሉ፣ ለረጅሙ ወሬ ግድግዳውን እየተደገፉ።

ቶፊቅ አፉን ከፈተ። የለመደው ነገር እስከ ምላሱ ጫፍ መጥቶ ነበር። ዙሌካ እጁን እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች።

«እናቷ ናት» አለ።

ይህን ያህል አጭር ነገር ከሱ አፍ ሰምተው ስለማያውቁ፣ ጋሽ ሠረቀብርሃን ቀሪውን ጠበቁ። ቶፊቅ አላሳፈራቸውም።

«ግን ጋሼ፣ ናዲያን በቀላሉ እንዳያዩዋት። ወላሂ፣ ወራቤ ሳለች በአንድ ትሪ ዱቄት ወረዳውን በሙሉ ያስተማረች ሴት ናት።»