ሦስት ጠዋት በማንሻው

ነርሷ ማራይከ ፊት ለፊት ተናገረች። "አባባ ዊብረን፣ ከእንግዲህ እርስዎን በእጅ ማንሳት ክልክል ነው። ወይ ማንሻ ማሽኑን ይቀበሉ፣ ወይ መጦሪያ ቤት ይግቡ።"

"ተንጠልጥዬ?" አለ ሽማግሌው። "እኔ ላም ነኝ?"

"ላምማ ቢሆኑ እንዲህ አይከራከሩኝም ነበር።"

ሚስቱ ባውከ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ደረቱን አቅፋ ከአልጋ ወደ ወንበር ስታሻግረው ወገቧ ተቆርጧል። ይሂድም ይቅርም ለማለት የሚበቃ ስሜት አልቀራትም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ መጦሪያ ቤት ከገባ ክረምቱን አይዘልቅም። ሲያልቅ አያምር ይባላል። የእነሱ ግን አላምር ብሎም አላልቅ አለ።

በማግስቱ ዊብረን እሺ አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ማሽኑ ጣሪያው ላይ ተገጠመ፤ የእሷ ሥራ የሚያንጠለጥለውን ሸራ ከሥሩ አንጥፎ ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሮቹን አንጠልጥሎ ተሻገረ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ወገቧ አልጮኸባትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም አላላት፣ አልከፋትምም።

በሦስተኛው ጠዋት ጢሙን ካስላጨ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን አምጪ አላት።

"ማን ሊመጣ ነው?"

"ሐኪሙን አልጠራሽውም?"

"የምን ሐኪም?"

"የላሞቹን።"

ያኔ ገባት። በበረታቸው አርባ ዓመት የኖረ ሕግ ነው፤ ወልዳ የወደቀች ላም በቀበቶ እየተነሳች ሦስት ጠዋት ትሞከራለች። በእግሯ ካልቆመች ሐኪሙ የመግደያ መርፌውን ይዞ ይመጣል። ለካ ሰውዬው እሺ ያለው ለማሽኑ ሳይሆን ለሦስቱ ጠዋት ኖሯል።

"አንተ ሞኝ! ሕጉ የላም ነው።"

"ላም እንኳ ወተት አላት።"

"አንተም አፍ አለህ፤ መቼ አርፎ ያውቃል?"

አልሳቀም። ልታለቅስ ፈለገች፤ ልቧ ተኝተውበት እንዳደረ እጅ ደንዝዟል። ለአፍታ ሐኪሙ በእርግጥ ቢመጣስ ብላ አሰበች፤ እሱም አላስደነገጣት። ሸራውን አንጥፋ ቁልፉን ተጫነችው። ዊብረን ከአልጋው ከፍ አለ።

"ያዢኝ" አለ።

"አትወድቅም እኮ። ማሽኑ በሬም ይሸከማል።"

"እንደማልወድቅማ አውቃለሁ።"

ጣቷን ከቁልፉ አነሳች። ማሽኑ ቆመ። ተጠግታ እንደ ድሮው ደረቱን አቀፈችው። ክብደት የለውም፤ የመላጫ ሳሙና ሽታውና ትንፋሹ ብቻ ቀርቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሸክም ስትለው የኖረችው ይህንኑ ነበር። ወደ ወንበሩ ለመሄድ ሁለቱም አልቸኮሉም።