በጣውላ ላይ የተወጠረው ሹራብ

አናጢው ልጁን «ሂጂ» አላላትም። በነርስነት ተመርቃ ሩቅ ከተማ ካለ ሆስፒታል ሥራ ባገኘች ጊዜ እናቷ ደስታዋን መሸሸግ አቃታት፤ እርሱ ግን መላጊያውን አንሥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ። ከዚያም ወዲህ የመንገዷ ነገር በተነሣ ቁጥር አፉን እንደ በር ይዘጋ ነበር። ክፉ አባት አልነበረም፤ መውደድና የእኔ ነው ማለት በአንድ ልብ ሲያድሩ የትኛው የትኛውን እንደሚያዝዝ መለየት ያቃተው ሰው ነበር። ልጅቷም ያችን አንዲት ቃል ትጠብቅ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

እናትየዋ በሆስፒታሉ የተረኝነት ብርድ እንዳትጎዳ ስትል ፊት ለፊት የሚቆለፍ ግራጫ ሹራብ ትሠራላት ነበር። አካሉም እጅጌውም ካለቀ በኋላ ከደረጃ ወድቃ የቀኝ አንጓዋ ተሰበረ፤ እጇም በጀሶ ታሰረ። የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ጠርዝ ያልገባለት ሹራብ ዳሩ እየተጠቀለለ ያስቸግራል፤ ቁልፍም በወጉ አይዝም። ልጅቷ፣ እማዬ አትጨነቂ፣ ከሱቅ እገዛለሁ አለች። እናትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አናጢው ይህን የሰማው ምሳ እየበላ ነበር፤ አፉም ከሐሳቡ ቀደመ። የስንት ጠረጴዛና የስንት ቁም ሣጥን ጠርዝ ያበጀ ሰው የሹራብ ጠርዝ አያቅተውም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው አለ።

«የእኔን አንጓ ጀሶው ያድነዋል» አለች ሚስቱ። «የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። ኪሮሹን አምጣና ተቀመጥ።»

ልጅቷ ሣቋን ለመያዝ አልሞከረችም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብላ ሣህኖቹን አነሣች። ሣቋ አናጢውን ከወንበሩ ጋር ቸነከረው፤ ከእንግዲህ ወዲያ ማፈግፈግ አልነበረም።

ኪሮሽ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አጭር ዘንግ ነው። ሚስቱ በግራ እጇ እየጠቆመች አሳየችው፤ መንጠቆውን በሹራቡ ዳር ካለው ዐይን ይከትታል፣ ክሩን ስቦ ያወጣል፣ ዳግመኛም ክር ይዞ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፋል። መጋዝ የለመዱ ጣቶቹ ዘንጉን አንቀው ያዙት። ዶሮ እያረድህ አይደለም፣ አላላው ብላ ተቆጣችው።

እጁ ጥቂት ሲፍታታ የሹራቡ ዳር መጠቅለሉ አበሳጨው። እዚህ ላይ አናጢ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተ። ሹራቡን ወደ ሥራ ቤቱ ወስዶ ኮምፔንሳቶ በሚሉት ስስ ጣውላ ላይ ዘረጋው፤ ዳሩን ከጣውላው ጥቂት አሳልፎ፣ በማዕዘን መለኪያው በስኳድራ እያስተካከለ፣ በጥቃቅን ምስማሮች ወጥሮ መታው። መስመሩ ቀጥ ሲል ደስ አለው። ከዚያ በኋላ አንዱንም ረድፍ ሳይዘል፣ ክፍተት መተው ስንፍና መስሎት፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ ቀለበት አስገባ። በጣውላው ላይ ሳለ ጠርዙ እንከን አልነበረውም።

ምስማሮቹን በጉጠት ነቀለ። ሹራቡ ወደ ቀድሞ ልኩ ተሰበሰበ፤ ጠርዙ ግን ረዝሞ ቀረና እንደ ሰላጣ ቅጠል ተሸበሸበ።

ተሸክሞት ወደ ሚስቱ ገባ። እርሷ አልሣቀችም፤ ለእርሱ ይህ ከሣቅ የባሰ ነበር።

«እንጨት በቸነከርከው ቦታ ይውላል» አለች። «ሱፍ ግን ወደ ራሱ ይመለሳል። ወጥረህ ከለካኸው ልኩ ያንተ ነው እንጂ የሱ አይደለም።» ልጃቸው ዕቃዋን ወደምታሰናዳበት ክፍል አየት አድርጋም፣ «ሰውም እንደዚያው ነው» አለች።

እርሱም የክሩን ጫፍ ይዞ ሳበው፤ የቀኑ ድካም እንደ ወሬ ተተረተረ። የራስን ሥራ በራስ እጅ ማፍረስ ከመሥራት ይልቅ ጽኑ ልብ ይፈልጋል፤ እርሱ ግን ጥርሱን ነክሶ እስከ መጨረሻው ቀለበት አፈረሰው። ከዚያም እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሕጉን ሰማ። ሹራቡ ጭንህ ላይ እንደ ፈቀደ ይተኛ፤ በሦስት ረድፍ ገብተህ አራተኛውን ዝለል፤ ማዕዘን ላይ ስትደርስ በአንድ ዐይን ሦስት ቀለበት አስገባ፣ አለዚያ ይኮማተራል፤ ስትጨርስም የክሩን ጫፍ አታሳጥረው።

በር ያዘዘ ደንበኛ መጥቶ፣ እርሳስ በሚሰካበት ጆሮው ላይ ኪሮሽ ተሰክቶ አየና፣ በሬንም በክር ልትሠራው ነው ወይ ሲል ጠየቀ። አናጢው ቀና ሳይል፣ በር ይጠብቃል፣ አውቶቡስ ግን አይጠብቅም አለው።

በጉዞዋ ዕለት ልጅቷ ሻንጣዋን ስትዘጋ እርሱ የመጨረሻውን ዙር ዘጋ። ለብሳው ወጣች፤ ልክ ነበረ። ሦስቱም መናኸሪያ ደርሰው የማለዳው ብርሃን ሲወጣ ግን አናጢው ጠርዙ ያለቀበት የታችኛው ማዕዘን ወደ ላይ ተኮማትሮ አየ። በጥድፊያ አንድ ቀለበት ብቻ አስገብቶበት ነበር።

«ተወው አባዬ» አለች ልጅቷ። «ማንም አያየውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

በፊቷ ተንበረከከ፤ ኪሮሹን ከጆሮው ላይ አውርዶ ማዕዘኑን ፈታው። የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አባባ፣ ስፌቱን መኪና ውስጥ ይጨርሱት፤ አብረዋት ይሳፈሩ እንጂ» ሲል ተሳፋሪዎች ሣቁ። አናጢው እጁን አላፋጠነም። በአንዲቱ ዐይን ሦስት ቀለበት አስገባ፤ ሳያሳጥር የተወውን ክር ወደ ውስጥ አሳልፎ ትርፉን በጥርሱ በጠሰው።

ተንበርክኮ እንዳለ የሹራቡን ዳር በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞት ነበር። ይህን ሲያስተውል ለቀቀው። ጠርዙ ወደ ቦታው ተመልሶ ሳይሸበሸብ ዝርግ ብሎ ተኛ።

«ሂጂ ልጄ» አለ።

ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው፤ ሹራቡ ሲላላም ይዛው እንደምትመጣ ነገረችው። አትቸኩዪ፣ ሥራሽን ያዢ አላት። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ ድረስ አልተነሣም፤ ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ኪሮሹን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካ።

ሚስቱ በመንገድ ላይ፣ ጀሶው ሲፈታ ኪሮሿን እንዲመልስላት አሳሰበችው። እርሱም የራሱን እንደሚገዛ ነግሯት ደንበኛው ወዳዘዘው በር ሄደ።