የእማማ ሳሊሃ ክራር ጅማቶች

በትንሿ የቅርስ ቤታችን ግድግዳ ላይ የዜማ መሣሪያዎችን ስም ትርጉም ጽፌ የምለጥፈው እኔ ምንይሉ ነኝ። «ነጋሪት፤ ነገረ ከሚለው የወጣ፣ የሚናገር ማለት ነው።» «ክራር፤ ከመክረር ነው ይላሉ።» በጦርነቱ ደሴ ስትዘረፍ መሣሪያዎቹ ሄዱ፣ ጽሑፎቼ ቀሩ። ትርጉም ማን ይሰርቃል!

ክራሩን ግን ዘራፊ አልወሰደውም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ላተርፈው ብዬ ነበር፣ ጌታ ያውቃል። በኋላ ኮሚቴ መጥቶ ሲጠይቀኝ ደንግጬ «ጠፍቷል» ብዬ ፈረምኩ። አንዴ ከፈረምኩ ወዲያ መመለሱ አሳፈረኝ። እሁድ እሁድ ቸርች እጄን አንስቼ እዘምራለሁ፤ ቤት ስገባ አልጋዬ ሥር ማየት እፈራለሁ።

ክራሩ አምስት ጅማት ነበረው። ክረምት ገብቶ ጉሙ ሲወርድ፣ በቀን ብርሃን፣ አንዱ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ባለቤቴ ዓለሚቱ «አይጥ ነው» ትላለች። እኔን ላብ ያጠምቀኛል። በአራት ክረምት አራት ተበጠሰ።

ክራሩ የእማማ ሳሊሃ ባል መሣሪያ ነበር። ሲሞቱባቸው «እናንተ ጋ ይቀመጥ» ብለው የሰጡን እሳቸው ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እየመጡ ባዶው መስቀያ ሥር ይቆማሉ።

«አልተገኘም፣ ልጄ?»

«አልተገኘም፣ እማማ።»

«አብሽር፣ አላህ ያመጣዋል።»

እኔን ማጽናናታቸው ነው እኮ! ባለፈው ክረምት አልቻልኩም፤ ልናዘዝ ቆረጥኩ። የተበጣጠሰ ክራር ይዞ መቅረብ ግን ነውር መሰለኝና ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ክራር ሠሪ ጋ ወስጄ፣ አሮጌውን ጅማት ሁሉ አስጥዬ፣ በአዲስ ናይለን አስወጠርኩት።

ቤታቸው ሄጄ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ክራሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ክሮቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጅማቶቹስ?»

«ተበጣጥሰው ነበር፣ አስጣልኳቸው።»

«ሰውየው በልጆቻችን ስም ነበር የሚጠራቸው» አሉ። «ለአምስቱ ልጅ አምስት ጅማት። ከጦርነቱ ወዲህ ሦስቱን ቀበርኩ። ሸሪፋ ይኸው እጄ ላይ አለች። ለይላ ዐረብ አገር እንደሄደች ወሬዋ ጠፋ። ያን ሁሉ ጁምዓ የተመላለስኩት የእሷ ጅማት ተበጥሶ እንደሆነ ለማየት ነው።» ክንዴን ያዙኝ። «ወላሂ በል፣ ስንት ነበር የተበጠሰው?»

አራት ነበር።

«ሦስት» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። የሳሙኝ ቦታ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳሉ። ባለፈው ሸሪፋ ልታመጣቸው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። አጥሩን ይዘው፣ የምትወጣውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን ያያሉ። ዛሬስ ልንገራቸው ብዬ ተጠጋሁ።

«እማማ...»

«ቆይ ልጄ፣ ዝም በል» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ። «ሰው እየወጣ ነው።»