ሊፍቱ የቆመበት ቀን

ብሎኔ የሚሉት የሊፍት መካኒክ ወደዚያ ሕንፃ የተመለሰው የመሣሪያ ሳጥኑን ሊወስድ ብቻ ነበር። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ የታላቅ እህቱ ባል ነው። ሌባ ብሎ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋርዶ ካባረረው ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ያን ቀን ሳጥኑን ከመጋዘን አውጥቶ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ አየው፤ ፊቱን አዞረና ሊፍት ውስጥ ገባ። ላይኛው ፎቅ የምትሠራ ነፍሰ ጡር የሒሳብ ሠራተኛም አብራው ገባች።

ሊፍቱ ሽቅብ እንደተነሳ ሰማዩ ነጣ። መብረቅ አይሉት ፀሐይ፣ ነጭ ብርሃን በመስኮቱ ሁሉ ገብቶ ወጣ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። መብራት ጠፋ። ከሊፍቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መካከል ቀጥ አለ።

የሕንፃው ሁለት ጥበቃዎች ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ብሎኔ ላይ ነው። ቂም እንዳለው ያውቃሉ፤ በዚያ ላይ መሣሪያ ይዟል። አንደኛው ክንዱን ጠመዘዘ፣ ሌላው ከግድግዳ ጋር አላተመው። የትኛውን ሽቦ እንደቆረጠ እንዲናገር አፋጠጡት። ብሎኔ ከንፈሩ እየደማ ወደ ውጭ እንዲያዩ ለመናቸው። ብዙዎቹ መኪኖች መንገድ መሃል ተገትረዋል፤ የጥበቃዎቹም የመገናኛ ሬዲዮ ዲዳ ሆኗል። ይህን ሁሉ እያዩም አልለቀቁትም። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ በሩን እየደበደበ ይሳደባል። የሴትየዋ ድምፅ ግን እየደከመ ሄደ።

የብሎኔ እህት ባሏን ፍለጋ በእግሯ እየሮጠች ደረሰች። የከተማው የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ መሐንዲስ ናት። ደረጃው ሥር ለተሰበሰበው ሠራተኛ የሆነውን በአጭሩ አስረዳች። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሲፈራ የነበረው ደርሷል፤ ኒውክሌር ቦምብ ከደመናም በላይ፣ አየር በሌለበት ከፍታ ፈንድቷል። ከዚያ ርቀት ሰውን አያቃጥልም፣ ቤትም አያፈርስም። የሚለቀው ሞገድ ግን በየሽቦው ገብቶ ስስ የሆነውን ዕቃ ሁሉ በቅጽበት ይገድላል፤ ረጃጅሞቹ መስመሮችም የለቀሙትን ኃይል አምጥተው ትራንስፎርመሮቹ ላይ ይደፉታል። ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ዓይኗ እያየ ነው የነደዱት።

ከሠራተኞቹ አንዱ መብራት መቼ እንደሚመለስ ጠየቃት።

"ምትክ የለንም" አለች። "ተሠርቶ እስኪመጣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። መብራቱን እርሱት፣ ውኃውን አስቡ። ውኃ የሚገፉት ሞተሮች ቆመዋል።"

ጥበቃዎቹ ብሎኔን ለቀቁት። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉትም። እህቱ ሊፍቱን እንዲያወርድላት ስትጠይቀው ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

"እዚያው ይበስብስ" አላት።

"ሴትየዋስ?"

ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ተከተለችው።

የሞተሩ ክፍል ጣሪያው ሥር ነው። ሊፍት በእጅ ሲወርድ አንድ ሰው የሞተሩን ፍሬን በረጅም ብረት ያላቅቃል፣ ሌላው መዘውሩን ያዞራል። ብሎኔ ብረቱን ለእህቱ ሰጣትና እሱ መዘውሩን ያዘ። ጥቂት እንዳዞረ ብረቱን እንድትለቅ ነገራትና ቆመ።

"ሌባ ሲለኝ አጠገቡ ነበርሽ። አንዲት ቃል አልተነፈስሽም።"

"አምኜው ነበር" አለችው። "አሁንም ቢሆን አልሰረቅህም ብዬ አልምልልህም።"

ሁሉንም ጥሎላት ሊወርድ ቃጣው። የሊፍቱ ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል የሴትየዋ ማቃሰት ተሰማ። እህቱንም ባሏንም እየተራገመ ብረቱን መልሳ እንድትይዝ ነገራትና ማዞሩን ቀጠለ።

ታች ጥበቃዎቹ በሩን ሲፈለቅቁት ሴትየዋ በላብ ተነክራ፣ ተደግፋ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ሚስቱ ወርዳ የነገረችውን አዳመጠ። ከዚያ የሕንፃው በር እንዲዘጋ አዘዘ። ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር ለእሱና ለሚጠብቁት ብቻ ነው፤ ሌላው ወደየቤቱ ይሂድ አለ። የብሎኔን ሳጥንም ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ አይገኝም ብሎ አስቀረው።

ሴትየዋ ለመንገድ ውኃ ለመነችው።

"ለአንቺ ከሰጠሁ ለሁሉም ልሰጥ ነው" አላት።

ብሎኔ ከጽዳት ክፍሉ ጀሪካን አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተገተረ። ብሎኔ ፍሬኑን ያላቀቁበትን ብረት ይዞ ነበር የወረደው።

"ዞር በል" አለው። "ዛሬ ዘመድ የለኝም።"

ሥራ አስኪያጁ ብረቱን አየና ዞር አለለት። ጥበቃዎቹ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። እህቱም ከባሏ ጎን ቆማ ዝም አለች። ብሎኔ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላ።

ሳጥኑን ትቶ ሴትየዋን ይዞ ወጣ። ባለሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ፤ አንድ ጥግ ላይ ሰዎች የዳቦ ቤት መስተዋት ይሰብራሉ። ጀሪካኑን አይተው የተከተሏቸውን ብሎኔ ብረቱን እያሳየ መለሳቸው።

ቤቷ ሲደርሱ ባሏ ሰንሰለቱን ሳይፈታ በሩን ገርበብ አድርጎ ከኋላዋ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቃት። አስረድታ ሳትጨርስ ሰንሰለቱን ፈታ፣ ክንዷን ስቦ አስገባት፣ ጀሪካኑንም ነጥቆ በሩን በብሎኔ ፊት ዘጋው። ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። በመጨረሻ ሴትየዋ ራሷ ከፈተችና ውኃ በብርጭቆ ሰጠችው። ባሏ ቢላ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

"ግባ አልልህም" አለችው፤ "ይኸው ፈርቷል።"

"አይፈረድበትም" አለ ብሎኔ።

ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላትና ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ቤቱ አመራ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እስኪደርስ ድረስ ከየደጁ በር ሲቆለፍ ይሰማው ነበር።