የለሳኙ ክንድ

ለሳኙ ከመወጣጫ ላይ ከወደቀ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀኝ ክንዱ ግን ዛሬም ከትከሻውና ከክርኑ መሃል እጥፍ ይላል። የሥራ ጓደኞቹ «ባለ ሁለት ክርን» ብለው ስም አወጡለት። መጀመሪያ ሰሞን እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። እናቱ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም።

ያኔ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም ብሎ ነበር። በፕላስቲክ ማቀፊያ ታስሮ ካልተነካካ አጥንቱ በራሱ ይገጥማል። እሷ ግን ልጇ የህመም ማስታገሻውን ውጦ ሲያሸልብ ጠብቃ ማቀፊያውን ትፈታለች። ክንዱን በዘይት ታሸዋለች፣ ጠማማ ሆኖ እንዳይቀር ብላ ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፣ ከዚያ መልሳ ታስረዋለች። በየማታው እንደዚያ ነበር። ታላቅ ልጇን ከቀበረች ወዲህ እጇ ሥራ ያገኘው ያኔ ብቻ ነው። እኳላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እሷን ነው።

ዛሬ ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች እርስ በርስ ተፋጭተው ተሞርደዋል።

«ማቀፊያውን የፈታ ሰው አለ? ያሸው፣ የጎተተው?»

እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ማንም አልነካኝም፣ ዶክተር» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

ሐኪሙ ያለውን ምርጫ ነገራቸው። እንዲሁ ታስሮ መኖር ይቻላል፤ ልስን ግን በዚያው ያበቃል። በአጥንቱ መሃል ዘንግ ማስገባትም አለ፤ ለዚህ ክንድ ግን እሱ ብዙም አያምነውም። የሚሻለው የሞቱትን ጫፎች ቆርጦ፣ ከዳሌው አጥንት ወስዶ መሃሉ ላይ ጠቅጥቆ፣ በረጅም ብረትና በብሎን ማሰር ነው። ክንዱ ትንሽ ያጥራል።

«ከኔ ውሰዱ» አለች እናት። «የኔ ዳሌ ከእንግዲህ ምን ሊሠራልኝ?»

«የራሱ ነው የሚሻለው፣ እማማ። እኔን የሚያሳስበኝ ነርቩ ነው። እጁን ቀና የሚያደርገው ነርቭ አጥንቱን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ አሁን ደግሞ ጠባሳ ውስጥ ተቀብሯል።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ...»

«አውቃለሁ።»

«ተኝተህ አልነበር?»

«እንዴት ብዬ ልተኛ? አጥንቱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

«ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስታንጎራጉሪ የሰማሁሽ ክንዴን ስትይዢ ብቻ ነው። ልከለክልሽ አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ቢሰድባት በተሻላት።

ኦፕራሲዮኑ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ። በማግስቱ ሐኪሙ መጥቶ ብረቱ በደንብ እንደያዘ ነገራቸው።

«እስቲ እጅህን ቀና አድርግ።»

ልጁ ጥርሱን ነክሶ ሞከረ። ያ ሸካራ ግድግዳ የሚያለሰልስ እጅ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደገና ሞከረ፤ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፣ እጁ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ነርቩ አልተቆረጠም፣ ግን ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። እስከዚያው አንጓውና ጣቶቹ እንዳይደርቁ በየቀኑ በሰው እጅ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል። ካልሆነ ነርቩ ቢመለስ እንኳ ዋጋ የለውም። ማን ይሠራለታል?»

«እናቴ አለች» አለ ልጁ። «የሷን እጅ የሚያህል የለም።»

ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ቦታ ለቀቀላት። «ይምጡ እማማ፣ ላሳይዎት።»

ልጁ የደነዘዘውን እጁን በግራው ደግፎ ወደ እሷ ዘረጋላት። እናት ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እኔ አልነካውም፣ ዶክተር» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጉለት።»

ልጁ ግን ከእሷ በቀር ሰው አልነበረውም።