ሦስት ንጋት ያሳደርኩት መርዶ

«ጥንቆላ አይደለም» አለችኝ ፈረንጇ። እኔ ደባርቅ እንግዳ ማረፊያ አልጋ የማነጥፍ ሴት ነኝ፤ ካርታዎቹን ያየሁት የእሷን ክፍል ሳጸዳ ነው። ታሮት ይባላል፤ እንደ መጫወቻ ካርታ ነው፣ ሥዕል ያለበት። አስጎብኚዋ እየተረጎመላት፣ «አንዱን ታወጪና ሥዕሉን እያየሽ፣ ከምን እየሸሸሁ ነው ብለሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ፤ ሌላ ነገር የለውም» አለችኝ። ተራራው ላይ ወደ ሳንቃ በር ልትወጣ ስትል ጥቅሉን ሰጥታኝ ሄደች። ምን ላድርገው? በስመ አብ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

የምሸሸውንማ ያለ ካርታም አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ የእትዬ አረጋሽ ልጅ፣ ልደቱ፣ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞቷል፤ እዚያው ተቀብሯል። ወሬውን ሐሙስ ዕለት ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ ድረስ ይባላል፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መርዶ በወጉ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ሩፋኤል ቀድመው ገብተው ሊነግሯቸው ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ዓርብ «ወንድማቸው ከዳባት ይምጣ» አልኩ። መጣ። ቅዳሜ «ወገባቸውን አሟቸዋል፣ ትንሽ ይጠንክሩ» አልኩ። ዛሬ ደግሞ «ሰንበት ይለፍ»። መምሬ አፈጠጡብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ነገ ይነገራል፣ አለቀ!» አሉኝ።

ምን እንደሆንኩ እኔ አውቃለሁ። እናቱ «አትሄድም» ብለው ከልክለውት ነበር። በድረስ መኪና ተደብቆ እንዲሳፈር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ «ሂድ ባክህ፣ እስከ መቼ እናትህ ጉያ ውስጥ ትኖራለህ?» ብዬ፣ እየሳቅኩ። መርዶው ሲነገር መጀመሪያ «ማን ሰደደብኝ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ የግቢያቸው በር በተከፈተ ቁጥር ወደ ጓዳ እሸሻለሁ።

ከቀትር በኋላ ቤቴ ገብቼ ካርታዎቹን መደብ ላይ ዘረጋኋቸው። እስቲ አንድ ላውጣ አልኩ። አፅም ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ትንሽ ልጅ ተንበርክኳል። ወይኔ ጉዴ! ቶሎ ብዬ ልደብቀው ስል በሩ ተከፈተ።

«ሕሊና፣ አለሽ?»

እትዬ አረጋሽ ናቸው።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? ወገብዎን ተሻለዎት? ላሟ ወለደች?»

«ተመስገን። ላሟም ደህና ናት።» መደቡ ላይ ተቀመጡ። ካርታውን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «ከዚያስ?»

«ምን ከዚያ?»

«ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?»

የቀሩትን ካርታዎች መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ሰፈርተኛው ባገኘኝ ቁጥር፣ ልደቱ ደወለ ወይ ይለኝ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ስለ ወገቤ፣ ስለ ላሜ፣ ስለ ጎመኔ ሳይቀር ይጠይቀኛል። ልጄን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። መምሬ እንኳ መስቀል ሲያሳልሙኝ ስሙን ዘለሉት።» ድምፃቸው ደህና ነበር። «ነገ ጎህ ሲቀድ እንደሚመጡ ገብቶኛል። ግን ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ። ልጄን ትወጂው ነበር።»

ይህችን ቃል አልቻልኳትም። እግራቸው ሥር ወደቅኩ። ነገርኳቸው፤ ወባውን፣ ሁመራን፣ መቃብሩን። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ድረስ አይናገርም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። ራሴ ላይ እጃቸውን አድርገው እየዳበሱኝ ነበር፤ ልጃቸው ሞቶ እኔን ያባብላሉ! በዚያ እጅ ሥር እንዴት ብዬ ልቀመጥ?

«እትዬ፣ የላክሁት እኔ ነኝ። በድረስ መኪና ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።»

እጃቸው ቆመ። ይምቱኝ፣ ይርገሙኝ ብዬ ጠበቅኩ። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ።

«ነገ ለቅሶዬ ላይ እንዳላይሽ» አሉኝ፤ ወጡ።

ሲነጋጋ መምሬ በደጄ አለፉ። ከኋላቸው የእትዬ አረጋሽ ወንድም፣ ከዚያ ሰፈርተኛው በሙሉ፣ ባሌም ጭምር። ጩኸቱ ሲነሳ እኔ በቤቴ በር ሥር ተቀምጬ ሰማሁት።