የሀሲና ምርቃት

እናቴ ሀሲና ልትሞት አልጋ ላይ ሳለች፣ «ሱቁ ያንቺ ነው፤ ብቻ ምርቃቱን እንዳታስቀሪ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ምርቃት ለእኔ ዱዓ ነበር። በልጅነቴ ጅዳ አክስቴ ዘንድ ተልኬ እዚያው አደግሁ፤ ንግድ ያጠናሁት ቱርክ ነው። አማርኛዬ የስልክ አማርኛ ነው። ቃሏን ላከብር ለሙት ዓመቷ ድንኳን አስተከልኩ፣ ሼሆቹን ጠራሁ፣ ለተማሪዎች ደብተር አደልኩ። የቢቸና ሰው ሁሉ መረቀኝ። በማግስቱ ሱቁ እንደ ሰሞኑ ጭር አለ።

እሷ ሳለች ገዢዎቹ ሴቶች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር አሉ። እኔ ዘንድ የሚቀመጥ የለም። ዲጂታል ሚዛኔ አይሳሳትም፣ ዋጋዬም ከሌላው አይወደድም። ግን ዱቄቱን ከተቀበሉ በኋላ ፌስታላቸውን እንደከፈቱ ትንሽ ይቆማሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ አሰጋሽ፣ «መርቂኝ እንጂ ሪሃብ» አሉኝ።

በዕድሜ እናቴ ናቸው፤ አፈርኩ። «አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት።»

ፌስታላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አሜን። እሱም አይጠላም» ብለው ቋጥረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከማዶው ሱቅ ሲገዙ አያቸዋለሁ።

አልፈለጉኝም አልኩ። አንድ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሱቁን ከነወፍጮው ሊገዛኝ ጠየቀኝ፤ ሰኞ ሲደውል ቁርጡን ልነግረው ተቀጣጠርን። ከመሸጤ በፊት ሞጣን ማየት አማረኝ። እናቴ «ከምንም ተነስቼ» የምትለው ስለዚያ ገበያ ነው። ያ ምንም ምን እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

በሰው በሰው ጎኗ ይቸረችሩ የነበሩትን ጨው ሻጭ፣ እማማ ወለተ ሐናን አገኘሁ።

«የሀሲና ልጅ ነኝ።»

«አፍንጫሽ ቀድሞ ነግሮኛል። ቁጭ በይ። ምን ያህል ልስፈርልሽ?»

ጨው አልፈለግሁም፤ አንድ ጣሳ አልኳቸው። ሰፍረው ገለበጡልኝና በእጃቸው አንድ እፍኝ ጨመሩበት።

«ይኼስ?»

«ምርቃቱ ነዋ። ምነው፣ ጅዳ ምርቃት የላትም?»

እፍኙን ትክ ብዬ ሳየው ሳቃቸውን ተዉት።

«እናትሽ አንቺን በሆዷ ይዛ፣ ባሏን ቀብራ ስትመጣ የምትሸጠው አልነበራትም። ዝም ብላ ጆንያ አንጥፋ ጎኔ ተቀመጠች። እኛም ለገዢ የምንመርቀውን ለእሷ ጣልንላት። ከዚህ እፍኝ ሽምብራ፣ ከዚያ እፍኝ ጤፍ። ገዢ ሲቆጣ ‹ምርቃትሽ እሷ ዘንድ ነው› እንላለን። ያንን ሸጣ ነው ነጋዴ የሆነችው። ከዚያ ወዲያማ ስትመርቅ እጇ አያርፍም፤ ይቺ ሴት ልትከስር ነው ብለን አምተናታል።»

ወደ ቢቸና ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ጨዉን ጭኔ ላይ ይዤ ያንን የተከፈተ ፌስታል አስብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አሰጋሽ በበሩ ሲያልፉ ጠራኋቸው። እያመነቱ ገቡ። ዱቄቱን መዘንኩና እጄን ጆንያው ውስጥ ሰድጄ አንድ እፍኝ ጨመርኩ።

«እጅሽ ትንሽ ነው» አሉ፣ ፌስታሉን ሳይዘጉ።

ደገምኩ።

«የሀሲና እፍኝ ከዚህም ይሰፋ ነበር።»

ሌላ ጨመርኩ። ቋጠሩት። አልመረቁኝም፣ አልተቀመጡምም። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ለሐሙስ ሽሮ ይኖርሻል?»

«ይኖረኛል።»

ስልኬ ሲጠራ እጄ እስከ አንጓው ዱቄት ነበር። የደብረ ማርቆሱ ሰው ነው። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ጠበቅሁት።

ሱቁ እንደገና ጭር አለ። ሽሮ አልነበረኝም። የሽምብራውን ጆንያ ፈታሁና ብቻዬን ቁጭ ብዬ መልቀም ጀመርኩ።